የአጣና መወጣጫና ፍተሻው በአዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ

ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣ ማናቸውም ግንብ ከጎኑ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ይኸውም ግንበኛው፣ ለሳኙና ቀለም ቀቢው የሚቆሙበት፣ ድንጋዩና ብሎኬቱ የሚደረደርበት፣ በባሬላ የተጫነው አርማታ የሚያልፍበት መወጣጫ ነው። ሕንፃው ፕላንና ፈቃድ፣ ባለቤትና መሐንዲስ አለው፤ ሲያልቅም በስም ይጠራል። መወጣጫው ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ንድፍ ይቆማል፤ ሥራው ሲፈጸም ይፈርሳል፤ ስለ እርሱም የሚነገረው የወደቀ እንደ ሆነ ነው። ሆኖም በአንድ የሥራ ስፍራ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማንስ ማንን ሊያዝ እንደሚችል፣ ከመወጣጫው ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው። የመወጣጫ ፍተሻ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮ ተመልካችም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የተለመደው መወጣጫ በአጣና የሚሠራ ነው። አጣና ማለት ተቆርጦ ቅርንጫፉ የተመለመለ ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተክል ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እያለቀ በመሄዱ መንግሥቱ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ ከመጣ ወዲህ ግን ከተማይቱ ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። ቀጥ ያለ፣ ረጅምና ዋጋው የማይከብድ እንጨት በቅርብ ሲገኝ፣ ለመወጣጫ ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለገም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ ሲስፋፋ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ከእግር እስከ ራሳቸው በአጣና ተከበው ይታዩ ነበር።

በሥራው ስፍራ የሚነገረው ቋንቋም ልብ ሊባል ይገባል። አርማታ፣ ፌሮ፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ባሬላ የሚባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ የሚባሉት ደግሞ ከጭቃ ቤት አሠራር የተወረሱ የአገር ቤት ቃላት ናቸው። አጣናውን የሚያቆመውም ሰው እንደ ቃላቱ ከሁለት ወገን የተማረ ነው። በአገር ቤት ልማድ ለዝቅተኛ ቤት የተለየ መወጣጫ አያስፈልግም ነበር። ክዳን የሚከድነው ሰው የሚቆመው በራሱ በጣራው ማገር ላይ ነው፤ ማገሩ ጠንካራ መሆኑን የሚያውቀውም በእግሩ ጫን እያለ ነው። ቤቱን በደቦ የሚሠሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ፣ ልምሾ ማገር ያሰረ ሰው ማን እንደ ሆነ አይሰወርም። ይህ በእግር የመፈተሽ ልማድ ለአንድ ጎጆ ጣራ ይበቃ ይሆናል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ግን እግር የሚፈትነው የረገጠውን ጣውላ ብቻ ነው እንጂ 15 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለውን የቋሚ እግር አይደለም።

የመወጣጫው አካላት ጥቂቶች ናቸው። ጭነቱን ወደ መሬት የሚያወርዱት ቋሚዎች፣ ቋሚዎቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች፣ ከግድግዳው ጋር የሚያገናኙት አጫጭር እንጨቶች፣ እንዳይንጋደድ በሰያፍ የሚመቱት፣ በላዩም የሚረበረበው ጣውላ ናቸው። ሁሉም የሚያያዙት በሚስማር ነው። ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት አናጢዎችና ረዳቶቻቸው ሲሆኑ፣ መወጣጫ ማቆም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የራሱ ስም አልወጣለትም። ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ አናጢ፣ ፌሮ ሠራተኛ የሚባል አለ፤ መወጣጫ በማቆም ብቻ የሚታወቅ ባለሙያ ግን በአማርኛ የተለመደ መጠሪያ የለውም። ስም የሌለው ሙያ አለቃና ተማሪ፣ ደረጃና ኀላፊነት ሊኖረው ያስቸግራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው መወጣጫ እንዴት ይፈተሻል? ልምድ ያለው ፈታሽ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከላይ አይጀምርም። የቋሚው እግር በአፈር ላይ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ሸክሙ እየበረታ ሲሄድ ይሰምጣል። በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በግንቦት ቀጥ ብሎ የቆመ ቋሚ በሐምሌ አንድ እግሩ ሰምጦ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቋሚ ሲሰምጥ ሸክሙ ወደ ጎረቤቶቹ ይተላለፋል፤ ስለዚህ የሚሰበረው የሰመጠው ሳይሆን ከጎኑ ያለው ይሆናል። ከእግሩ ሥር ሰፊና ጠንካራ ጣውላ መነጠፉን፣ በድንጋይ ቁራጭ ወይም በተሰበረ ብሎኬት አለመደገፉን ማየት ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ነው። ከዚያም እንጨቱ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በቢላዋ ጫፍ ይወጋል፤ ቢላዋው ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ ምስጥ ወይም ብስባሴ ገብቶበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንጨቱ የራሱ ጠባይ ነው። አጣና ብዙ ጊዜ እርጥብ ሳለ ይቸነከራል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይሰበሰባል፣ ጫፎቹም ይሰነጠቃሉ። በእርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ አጥብቆ የያዘውን ኀይል በብዙ ያጣል። ስለዚህ መወጣጫው በቆመበት ዕለት የተደረገ ፍተሻ፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢደረግ፣ ከአንድ ወር በኋላ ስላለው መወጣጫ የሚናገረው ነገር ትንሽ ነው፤ የሚታየው እንጨት ያው ቢሆንም መያዣው ያው አይደለምና። ሚስማር ወደ ጎን ሲጫን ብዙ ይችላል፤ በገባበት አቅጣጫ ሲሳብ ግን ደካማ ነው። ፈታሹ ሚስማሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሸክሙ በየት በኩል እንደሚመጣበት ማየት አለበት። ልጡ ያልተላጠ አጣና ስንጥቁን ስለሚሸሽግ በመዶሻ እጀታ ይመታል፤ ጤነኛው እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ወይም የበሰበሰው ድምፁ ይደነዝዛል። ይህን ልዩነት በጆሮው የሚያውቅ አናጢ ብዙ ነው፤ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ግን የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው የአግዳሚዎቹ ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መግለጽ ይገባል። ቀጭንና ረጅም ቋሚ ከላይ ሲጫን የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ተጨፍልቆ ሳይሆን ጎብጦ ነው። የስዊስ ተወላጅ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት እንዳሳየው፣ በመካከል ሳይያዝ የሚቀረው የቋሚው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ ሊሸከም የሚችለው ጭነት ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በ1.5 ሜትር ርቀት አግዳሚ የተመታበት መወጣጫ አለ እንበል። ባሬላ ለማሳለፍ ያስቸገረች አንዲት አግዳሚ ብትነሣ፣ በዚያ ስፍራ ያለው የቋሚው ነጻ ርዝመት 3 ሜትር ይሆናል፤ ከብርታቱም ሦስት አራተኛው ይሄዳል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን የጎደለው ከመቶ አጣና አንድ አጣና ነው። በዐይን የሚታየው ጉድለትና በእውነቱ የጠፋው ብርታት ይህን ያህል መራራቃቸው የመወጣጫን ፍተሻ አስቸጋሪ የሚያደርገው ዋና ነገር ነው።

አግዳሚውንም የሚያነሣው ክፉ ሰው አይደለም። መወጣጫ የሚቆመው ሥራ ለማሠራት ነው፤ ሥራው ወደ ፊት በተራመደ ቁጥር መወጣጫው እንቅፋት ይሆናል። በመስኮቱ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ የታሰረው አጣና፣ የመስኮቱ ፍሬም በሚገጠምበት ቀን መነሣት አለበት። ለሳኙ ግድግዳውን ሲለስን ከግድግዳው ጋር የተያያዙትን እንጨቶች አንድ በአንድ ይነቅላል። ሰያፉ መተላለፊያ ሲዘጋ ይቆረጣል። ለሌላ ክፍል ጣውላ ሲያንስ ከርብራቡ መካከል አንዱ ይወሰድና የቀሩት ተራርቀው ይደረደራሉ፤ ጫፉ ከደገፈው አግዳሚ አልፎ የተንጠለጠለ ጣውላም የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ጣውላ በጫፉ የረገጠው ሰው ጣውላው እንደ ሚዛን ተነሥቶ ይጥለዋል። መወጣጫ በሚሠሩበት ሰዎች እጅ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ነገር መሆኑን ያላወቀ ፈታሽ፣ በትናንቱ መወጣጫ ላይ ፊርማ ይፈርማል። ከዝናም፣ ከብርቱ ነፋስና ከረጅም በዓል በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ፍተሻ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ጠባቂ በሌለበት ስፍራ አጣና ማገዶም መሆኑ አይዘነጋም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የዕለቱን መወጣጫ የሚያውቀው ማን ነው የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ የቆመበት ሰው ነው። ባሬላ ተሸክመው በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለሱት የቀን ሠራተኞች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ሴቶች፣ የትኛው ጣውላ እንደሚነጥር፣ የትኛው መዞሪያ እንደሚወዛወዝ ከማንም በፊት ያውቃሉ። ነገር ግን የሚናገሩበት መንገድ የለም። በሥራው ስፍራ ያለው የአነጋገር ሥርዓት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። የቀን ሠራተኛዋ ፎርማኑን «እርስዎ» ትለዋለች፤ እርሱ «አንቺ» ይላታል። ፎርማኑም በተራው መሐንዲሱን በአክብሮት ያነጋግራል። እንጨቱ እንደሚነቃነቅ ለመናገር የፈለገች ሠራተኛ፣ ነገሩን እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ልመና ታቀርበዋለች። «ጋሼ፣ ይኸ ነገር አልጠነከረም መሰለኝ» ትላለች። «መሰለኝ» የምትለው እርግጠኛ ስላልሆነች ሳይሆን፣ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ከቦታዋ በላይ ስለሆነ ነው። የቀን ሠራተኛ ነገ መጠራቱ በፎርማኑ ፈቃድ ስለሆነ፣ አልወጣም ማለት አልሠራም ማለት ይሆናል። መሐንዲሱ በበኩሉ የኦይለርን ሕግ ተምሯል፤ መወጣጫው ላይ የሚወጣው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። እንግዲህ የሚያውቀው አያዝም፤ የሚያዘው አያውቅም። አናጢው በመካከል ቆሞ ሁለቱንም በከፊል ያሟላል፤ ነገር ግን ጥፍሩን እየነቀለ መወጣጫውን ያጎደለውን ለሳኝ የመከልከል ሥልጣን አልተሰጠውም።

በሕግ ረገድ ጉዳዩ ባዶ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ያዝዛል፤ ሠራተኛውም አደጋ ሊያመጣ የሚችል ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ይጠይቀዋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ሕንፃ ሥራ ደኅንነት አንድ ስምምነት አውጥቶ ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው በ167ኛው ስምምነት አሻሽሎታል። በዚህ ስምምነት መሠረት መወጣጫ በየአገሩ ሕግ በሚወሰነው ጊዜ ብቃት ባለው ሰው መፈተሽ አለበት። የቃሉ ክብደት ያለው «ብቃት ያለው ሰው» በሚለው ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ይህን ሰው ሲተረጉም ሁለት ነገር በአንድነት ይጠይቃል፤ አደጋውን ለይቶ ማወቅ የሚችልና አደጋውን ወዲያውኑ ለማስወገድ ሥልጣን የተሰጠው መሆን አለበት ይላል። ዕውቀት ያለ ሥልጣን አይበቃም፤ ሥልጣንም ያለ ዕውቀት እንዲሁ። በዚያው ደንብ ፍተሻው የሚደረገው በየፈረቃው ሥራ ከመጀመሩ በፊትና መወጣጫውን ሊጎዳ የሚችል ነገር በደረሰ ቁጥር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የከፍታ ሥራ ደንብ ደግሞ ሰው 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወድቅበት የሚችል የግንባታ መወጣጫ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ካልተፈተሸ አይሠራበትም። ከሁለቱ ለአጣና የሚስማማው የአሜሪካው እንደ ሆነ ከላይ ስለ እርጥብ እንጨትና ስለ አግዳሚ የተነገረው ያስረዳል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ብዙ አግዳሚ ይነሣል።

ለንጽጽር የሚመቸው ግን የሆንግ ኮንግ ነው። እዚያ ለብዙ ዘመን መወጣጫ የሚሠራው በቀርከሃ ስለ ሆነ፣ ከአጣናው ጋር ተመሳሳይነት አለው፤ ሁለቱም ከመሬት የበቀሉ፣ ውፍረታቸው ከእግር እስከ ጫፍ የማይተካከል፣ በዕድሜና በእርጥበት የሚለዋወጡ ናቸው። ልዩነቱ የቀርከሃው መወጣጫ በሚስማር ሳይሆን በማሰሪያ መያያዙ ብቻ አይደለም። በሆንግ ኮንግ ቀርከሃ ማሰር የራሱ ስም፣ የራሱ መምህርና ደቀ መዝሙር፣ የራሱም የምስክር ወረቀት ያለው ሙያ ሆኗል። መወጣጫው በ14 ቀን ውስጥ ተፈትሾ ውጤቱ በታዘዘው ቅጽ ላይ ካልተጻፈ ሥራ አይሠራበትም። የእንጨቱ ዐይነት ሳይሆን የሙያው ስም ማግኘት ኀላፊነቱን እንዳስገኘ መገመት ይቻላል። የብረት መወጣጫ ሲመጣ አደጋው አብሮ ይጠፋል የሚለው በየሥራው ስፍራ የሚሰማ አስተያየት ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ብረት አይበሰብስም፣ አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን መቆለፊያው ያልተጠበቀ፣ እግሩ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ሰያፉ የተነሣ የብረት መወጣጫ እንደ አጣናው ይወድቃል፤ በዚያ ላይ ክብደቱ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ሠራተኛ ያልሆነ ሰው የሚወጣበት መወጣጫ ነው። ለቀለም ቀቢና ለሠዓሊ የሚቆም ቀላል መወጣጫ በአውሮፓ መደብ ሲሰላ በአንድ ካሬ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲችል ይጠበቃል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች ተጠጋግተው ቢቆሙ 240 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም ከታሰበው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ሕዝብ ደግሞ እንደ ብሎኬት አይረጋም፤ ይገፋፋል፣ ይዞራል፣ ለማየት በአንድ ወገን ያጋድላል፤ በሰያፍ ያልተጠናከረ መወጣጫም የሚፈራው ይህን ወደ ጎን የሚመጣ ግፊት ነው። በአዲስነት የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውና ጉልላቱ እስኪሣል ድረስ ብዙ ጊዜ መወጣጫው በውስጡ ይቆያል፤ በዓል ግን ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በበዓለ ማርያም ዕለት፣ በሰሜን ሸዋ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ በአረርቲ፣ በመሠራት ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። በዜና እንደ ተነገረው ለበዓሉ ከመጡት ምእመናን መካከል መወጣጫው ላይ የወጡ ነበሩ። ስለ አደጋው ምክንያት በዚህ ስፍራ ፍርድ መስጠት አይገባም። ነገር ግን ለሥራ የቆመ መወጣጫ በበዓል ቀን ምን ዐይነት ፍተሻ እንደሚያስፈልገው ከአሜሪካውም ሆነ ከእንግሊዙ ደንብ አይገኝም፤ እነዚያ የተጻፉት ለሠራተኛ ነውና። በዓሉ ሲቃረብ የታችኛውን መሰላል ማንሣት፣ መግቢያውን በጣውላ መቸንከርና አንድ የታወቀ ሰው በሥሩ ማቆም ዋጋ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የሚወጣውን ምእመን ለመከልከል ግን ያ ሰው ከቀን ሠራተኛ የበለጠ ክብር ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ዲያቆን ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል ቢሆን ይሰማል፤ አናጢው ቢሆን ላይሰማ ይችላል።

መወጣጫው ሲፈርስ የሚደረገው ፍተሻ ከሁሉ የተረሳው ነው። ማፍረስ ከላይ ጀምሮ፣ የመጨረሻውን እንጨት መጀመሪያ በማንሣት መከናወን ሲገባው፣ ቀን ለማትረፍ ሲባል ከግድግዳው ጋር የተያያዙት ሁሉ አስቀድመው ይነቀላሉ። በዚያች ሰዓት ቋሚዎቹ በጎናቸው ያለ ደጋፊ ይቆማሉ። ከፈረሰ በኋላ አጣናው ይለያል፤ የተሰበረው ለማገዶ ይሸጣል፤ ደኅና የመሰለው በመኪና ተጭኖ ወደሚቀጥለው ሕንፃ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ላይ የቀድሞው ሚስማር ቀዳዳ ይታያል። በአዲሱ ስፍራ አጣናው ሳይቆም ገና በመሬት ላይ እንደ ተጋደመ ቀዳዳዎቹንና የጫፎቹን ስንጥቅ አይቶ፣ ጫፉን ለመቁረጥም ሆነ እንጨቱን ለመጣል የሚያዝ ሰው ካለ፣ ለፍተሻ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።